ለአህያው የተከፈተው በር ለውሻውም ይከፈት

ቢሾፍቱ ላይ ጋሪ የሚጎትት አህያ እግሩ ቢቆስል፣ ባለቤቱ ኪሱ ባዶ ቢሆንም ወስዶ የሚያሳክምበት አላጣም። የደሃን አህያና ፈረስ በነጻ የሚያክሙ ድርጅቶች በከተማዋ ለዓመታት ሠርተዋል። በዚያው ከተማ፣ በዚያው አስፋልት ላይ ውሻ በመኪና ተገጭቶ የኋላ እግሩ ቢሰበር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባለቤቱ ገንዘብ ካለው ይታከማል። ከሌለው አጥንቱ ጠሞ እስኪገጥም ወይም ነፍሱ እስክትወጣ አጥር ጥግ ይተኛል። ባለቤት የለውም ከተባለ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ይህ መለወጥ አለበት፤ ለመለወጥም አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ደሃ ሰው ለእንስሳው ሕክምና መክፈል እንደማይችል፣ እሱ ስላልቻለም እንስሳው መሰቃየት እንደሌለበት ኢትዮጵያ በአህያ ላይ ከተቀበለች ቆይታለች። ያንኑ በውሻ ላይ እንዳትቀበል የሚያደርግ በቂ ምክንያት የለም።

የአህያው ታሪክ ብዙ የሚያስተምረው አለው። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ናት። ውሃውን፣ እህሉን፣ ከሰሉን፣ አሸዋውን የሚሸከመው እሱ ነው። ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጥቶ ቢሾፍቱ ከሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር መሥራት ጀመረ። በአዲስ አበባም እህል ጭነው መርካቶ ለሚገቡ አህዮች የሕክምና አገልግሎት አቀረበ። ስፓናና ብሩክ የሚባሉት ድርጅቶችም በየፊናቸው ገቡ። ሐኪሞቹ የተላጠ ጀርባ ያክማሉ፣ ሰኮና ይሞርዳሉ፣ የትላትል መድኃኒት ይሰጣሉ። ከዚያ በላይ ግን ባለቤቱን ቁጭ አድርገው ከጭነቱ ሥር ምን እንደሚነጠፍ፣ ገመዱ የት ቦታ እንደሚያቆስል ያስተምሩታል። አህያውን ከጨካኝ እጅ ስለማስጣል ብዙም አያወሩም፤ ሥራቸው ባለቤቱን መርዳት ነው።

ብሩክ እዚህ ሐሳብ ላይ የደረሰው በሂደት ነው። ዶሮቲ ብሩክ የምትባል እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1930 ካይሮ ስትደርስ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን ጦር ያገለገሉ ፈረሶች ለአገሬው ተሸጠው፣ አርጅተውና ቆስለው ጋሪ ሲጎትቱ አገኘች። አገሯ ላለው ሕዝብ ደብዳቤ ጽፋ ገንዘብ አሰባሰበችና ፈረሶቹን ከባለጋሪዎቹ መግዛት ያዘች። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1934 የካይሮን ደሃ ባለጋሪዎች እንስሳት በነጻ የሚያክም ሆስፒታል ከፈተች። እንስሳን ከደሃ እጅ እየገዙ ማውጣት ማብቂያ የለውም፤ ደሃው ደግሞ ነገ ሌላ የቆሰለ ፈረስ ይጠምዳል። ፈረሱ ባለቤቱ እጅ ላይ ሳለ ከታከመ ግን ሁለቱም ይተርፋሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ባለቤት አልባ የሚባሉትን ውሾች ጠጋ ብሎ ለጠየቀ፣ ብዙዎቹ የሆነ ሰው ናቸው። ግንባታ ቦታ የሚያድረው ጥበቃ ከራቱ ቆርሶ የሚያበላው ውሻ አለው፤ ሌሊት ኮሽታውን ቀድሞ ሰምቶ የሚጮኸው ያ ውሻ ነው። ጉልት የምትውል እናት ማታ ዕቃዋን ሸክፋ ስትነሳ እስከ ቤቷ የሚሸኛት አለ። ልኳንዳ ቤት ደጃፍ ቅንጥብጣቢ የሚጠብቁ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ከነዳያን ጋር የሚያድሩ፣ ሰፈሩ በሙሉ ቡቺ ብሎ የሚጠራቸው አሉ። ማሰሪያ የላቸውም፣ የክትባት ደብተር የላቸውም፣ በማንም ስም አልተመዘገቡም። ውሻ በበላበት ይጮሃል እንደሚባለው ግን ማን እንዳበላቸው ያውቃሉ፤ ያበላቸውም ሰው ያውቃቸዋል።

ይህ ዝምድና ጎልቶ የሚወጣው ውሻው የተጎዳ ዕለት ነው። ልኳንዳ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ውሻው አጥንት ይዞ ሲሻገር ሚኒባስ ይገጨዋል። ጥበቃው ሮጦ ከአስፋልቱ ላይ ያነሳዋል። ባጃጅ ያስቆማል፤ ባለባጃጁ ደም የነካው ውሻ አልጭንም ብሎ ይሄዳል። በጆንያ ጠቅልሎ ወደ ሥራ ቦታው ይመልሰዋል። ወጌሻነት የሚያውቅ ሰው ካገኘ በቀርከሃ ስንጣቂና በጨርቅ ያሳስርለታል። አንዳንዴ ይሆናል። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣ እንደሆነ ግን ቁስሉ በቀናት ውስጥ ያመረቅዛል፤ ዝንብ እንቁላሉን ይጥልበታል፤ ትል ይፈላበታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ስቃይ አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ አይቶታል።

ክሊኒክ ቢወስደውስ? በየወረዳው በግብርና መሥሪያ ቤቶች ሥር ያሉት የመንግሥት ክሊኒኮች የተደራጁት ለከብት፣ ለበግና ለፍየል፣ ለዶሮ ነው። ሐኪሞቹ ስለ ውሻ በትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ማደንዘዣው፣ ራጁ፣ ለአጥንት የሚሆነው ብረት ግን እጃቸው ላይ የለም። ያለው በግል ክሊኒኮች ነው። የግል ክሊኒኮቹ ዋጋ የሚያስወድዱት በስግብግብነት አይደለም። መድኃኒቱም ዕቃውም ከውጭ በዶላር ይገባል፤ የቤት ኪራዩ የከተማ ኪራይ ነው፤ ሲያስከፍሉ የለመዱትም አጥር ያለው ግቢና የፈረንጅ ዘር ውሻ ያለውን ደንበኛ ነው። ራጅ፣ ማደንዘዣ፣ ቀዶ ጥገና፣ አንቲባዮቲክ፣ የክትትል ቀጠሮ ተደምረው የአንድ ጥበቃ የወር ደመወዝ በቀላሉ ሊበልጡ ይችላሉ። ልጆች ያሉት ሰው ያንን ለውሻ ቢከፍል ቤተሰቡን በደለ ይባላል። ባይከፍል ደግሞ ልቡ አይፈቅድለትም። እንዲህ ካለው ምርጫ ሰውን ማውጣት የሚቻል ነገር ነው።

የሚቻል ነው መባሉ ደግሞ ለማጽናናት አይደለም። የተጎዳ ውሻ ሁሉ ብረት የሚያስገባ ቀዶ ጥገና አይፈልግም። ዳሌው የተሰነጠቀ ውሻ ብዙ ጊዜ በጠባብ ቦታ ለሳምንታት እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ፣ የሕመም ማስታገሻ እየተሰጠው ብቻ ይድናል። እግሩ ሊተርፍ ካልቻለ ይቆረጣል፤ ሦስት እግር ያለው ውሻ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ቤት ይጠብቃል። ትል የፈላበት ቁስል በደንብ ከታጠበና ትሉ ከተለቀመለት በሚያስገርም ፍጥነት ይድናል። ጎዳና ላይ በሚኖሩ ውሾች ዘንድ በመገናኘት የሚተላለፍ፣ በመራቢያ አካላቸው ላይ የሚወጣ የሚደማ እጢም አለ። ሰዎች ይጸየፉትና ውሻውን በድንጋይ ያባርሩታል። ይህ እጢ ካንሰር ነው፤ ነገር ግን ለሰው ካንሰርም በሚያገለግለው ቪንክሪስቲን በሚባል መድኃኒት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለተወሰኑ ሳምንታት ሲወጋ በአብዛኛው ፈጽሞ ይጠፋል። ብዙውን ጊዜ የጠፋው ነገር ዕውቀት ሳይሆን የመጀመሪያውን ሒሳብ የሚከፍል ሰው ነው።

ለንደን ይህንን የተረዳችው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ማሪያ ዲኪን የምትባል ሴት በምሥራቅ ለንደን የድሆች ሰፈሮች ስትዘዋወር የታመሙና የቆሰሉ እንስሳት በየደጁ ወድቀው አየች፤ ባለቤቶቻቸውም የሚያሳክሙበት ገንዘብ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1917፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ ዋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ክሊኒክ ከፈተች። የታመመ እንስሳ ያለው ሁሉ እንዲያመጣ፣ ሕክምናውም በነጻ እንደሆነ የሚናገር ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። ብዙም ሳይቆይ የመጣው ሕዝብ ብዛት ሥርዓት ለማስከበር ፖሊስ እስከማስፈለግ አደረሰ። የእንስሳት ሐኪሞች ግን ደስ አላላቸውም፤ ያልተማሩ ሰዎች ሕክምና ይሰጣሉ ብለው ለዓመታት ተቃወሙ። ቅሬታቸው መሠረት ነበረው፤ ርኅራኄ ብቻውን አጥንት አይገጥምም። በመጨረሻ ድርጅቱ ሙያውን በተማሩ ሐኪሞች የሚሠራ ሆነ። ዛሬ ፒዲኤስኤ በሚለው ስሙ በመላ ብሪታንያ ከ40 በላይ የእንስሳት ሆስፒታሎች አሉት። የሚያስተናግደውም የመንግሥት ድጎማ የሚያገኙና በሆስፒታሉ ክልል ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችን ነው፤ መክፈል የሚችለው ወደ ግል ሐኪም ይሄዳል።

በሎስ አንጀለስም በቅርቡ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዳውንታውን ዶግ ሬስኪዩ የተባለ ድርጅት በከተማዋ ደቡብ ክፍል በሚገኘው የማዘጋጃ ቤት የእንስሳት መጠለያ ሠራተኛ አስቀመጠ። ሥራው ውሻውን ሊያስረክብ የመጣውን ሰው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነበር። ብዙዎቹ ውሻቸውን ጠልተው አልመጡም። ለሕክምናው፣ ለክትባቱ፣ ለማምከኛው ወይም ለቅጣቱ የሚከፍሉት አጥተው ነው። ገንዘቡ ሲሸፈንላቸው ውሻቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ለብዙ ዓመታት ግድ የለሽ ተብለው ሲወቀሱ የነበሩት ሰዎች ደሆች ብቻ ሆነው ተገኙ። አዲስ አበባ ውስጥም መንገድ ላይ ተጣለ የሚባለው ውሻ ታሪክ ቢጠየቅ ከዚህ የራቀ እንደማይሆን መገመት አይከብድም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ይታወቃል፤ ሰው በረሃብና በሕመም በሚሰቃይበት አገር ስለ ውሻ ይወራል ወይ? ጥያቄው ከክፋት አይነሳም፤ መልስም ይገባዋል። የመጀመሪያው መልስ ከላይ ተነግሯል። የሚረዳው ሰው ነው፤ ያውም ደሃው ሰው። ሀብታሙ ውሻውን ማሳከም አላቃተውም። ሁለተኛው መልስ የሕዝብ ጤና ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች ከመቶ 99ኙ በውሻ ንክሻ ነው። በኢትዮጵያ በዓመት የሚሞተው ሰው ወደ 2,700 እንደሚደርስ የሚጠቁም ግምት አለ። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች ከመቶ 40ው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በሽታውን የሚያቆመው መንገድም የታወቀ ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ በተከታታይ ከተከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል። እንግዲህ የሰፈሩን ውሻ ማን ያስከትበዋል? ጥበቃውና ባለጉልቷ ናቸው። ውሻቸውን ይዘው የሚሄዱበት፣ የማይሳቀቁበትና የማይከስሩበት ክሊኒክ ካለ ክትባቱ አብሮ ይሰጣል። ውሻው የተሰበረ ዕለት በሩን የዘጋባቸው ተቋም በክትባት ዘመቻ ቀን ቢጠራቸው ግን ለምን ይመጣሉ?

ነገሩ ከከተማም ይወጣል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ሲሆኑ፣ ትልቁ ክፍላቸው የሚኖረው ባሌ ተራሮች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተደጋጋሚ የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ ቀበሮዎቹን ሲፈጅ፣ ምንጩ በአካባቢው ያሉት የእረኞችና የገበሬዎች ውሾች ነበሩ። ስለዚህ ቀይ ቀበሮን ለመታደግ የተቋቋመው ፕሮግራም ከሚሠራቸው ሥራዎች ዋነኛው በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ውሾች መከተብ ሆነ። የባሌ እረኛ ውሻ ጤና የአገር ቅርስ የመጠበቅ ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ሃይማኖቱም ቢሆን ለውሻ ፊቱን አላዞረም። በሀብታሙ ሰው ደጅ ወድቆ የነበረውን አልዓዛርን ቀርበው ቁስሉን የላሱት ውሾች እንደነበሩ ክርስቲያኑ ያውቃል። ጫማውን በውሃ ሞልቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣው ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት ሙስሊሙ በሐዲስ ሰምቷል። ውሻን ከቤት ውጭ ማኖር አንድ ነገር ነው፤ ሲሰቃይ እያዩ ማለፍ ሌላ ነገር ነው።

በከተሞቻችን ለጎዳና ውሾች ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መፍትሔ መርዝ ነው። ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ ማታ ይጣላል፤ ጠዋት ሬሳ ይለቀማል። ስትሪክኒን ጡንቻን እያኮማተረ፣ አእምሮ እያወቀ፣ ትንፋሽ በማሳጣት ይገድላል። የተከተበውን ካልተከተበው፣ የጥበቃውን ቡቺ ከእንግዳው አይለይም። የሞቱት ቦታ ደግሞ ባዶ አይቀርም፤ ቆሻሻው ያው እስከሆነ ድረስ ከሌላ ሰፈር ያልተከተቡ ውሾች ይመጣሉ። ይህ አሠራር ጨካኝ ከመሆኑም በላይ የታሰበለትን ውጤት አያመጣም። የህንዷ ጃይፑር በተቃራኒው እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ሄልፕ ኢን ሰፈሪንግ በሚባል ድርጅት አማካይነት የጎዳና ውሾቿን እየያዘች፣ እያመከነችና እየከተበች ወደ ሰፈራቸው መለሰች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የውሾቹ ቁጥር ቀነሰ፤ ሥራው በተካሄደበት ክልል በሰው ላይ የሚታየው የእብድ ውሻ በሽታም ወደ ዜሮ ወረደ።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ከቢሾፍቱ። ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ እዚያ አለ፤ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1979 እዚያው ተከፈተ። ዛሬ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ጅማና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የእንስሳት ሐኪም ያስመርቃሉ። ተማሪዎቹ አጥንት መግጠምና ማምከን በእጃቸው ካልሠሩ አይችሉትም፤ የደሃው ውሻ ደግሞ ሐኪም ይፈልጋል። በየትምህርት ቤቱ በመምህራን ቁጥጥር ሥር በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ለውሻና ለድመት በጥቂት ዋጋ የሚሠራ ክሊኒክ ቢከፈት ሁለቱም ያገኛሉ።

የማን ውሻ በነጻ ይታከም የሚለውም የሚያጣላ መሆን የለበትም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ መዋጮ መክፈል የማይችለውን ቤተሰብ ማኅበረሰቡ ራሱ እንዲለይና መንግሥት እንዲሸፍንለት ተደርጎ ነው የተቀረጸው። በዚያ መንገድ የተሰጠ የመድን መታወቂያ ያለው ሰው የክሊኒኩን በር ሌላ ወረቀት ሳይጠየቅ ቢያልፍ ይበቃል። ለታከመ ውሻ ሁሉ ክትባትና ማምከን የግድ አብሮ ይሰጥ፤ ይህ ነጥብ ለድርድር መቅረብ የለበትም፤ ያለበለዚያ ከዓመት በኋላ የታከመችው ውሻ ስድስት ቡችሎች ይዛ መንገድ ዳር ትገኛለች። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከውጭ ከሚገባ የውሻ ምግብ ከሚሰበሰበው ቀረጥ ጥቂቱ ለዚህ ቢመደብ የሚጎዳ የለም። የግል ክሊኒኮችም ከደንበኞቻቸው በፈቃድ የሚሰበሰብ ሣጥን ቢያስቀምጡ፣ ውሻውን በመኪና የሚያመጣው ሰው በጆንያ ለሚያመጣው መክፈል አይከብደውም። የአገልግሎት ዋጋ በግልጽ ይለጠፍ፤ ደሃ ሰው ስንት እንደሚጠየቅ ሳያውቅ በር አያንኳኳም።

የጎዳና ውሾችን በራሳቸው ገንዘብ የሚያነሱ፣ በግቢያቸው የሚያስጠጉ ወጣቶችም በየከተማው አሉ። ያላቸውን ሁሉ ለጥቂት ውሾች ያውላሉ፤ ይደክማሉ፤ ይበደራሉ። ምስጋና ይገባቸዋል፤ ግን ሸክሙ የእነሱ ብቻ ሆኖ መቀጠል የለበትም።

ክሊኒኩ እስኪከፈት ማንም ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። የተገጨ ውሻ ሕመሙ የወዳጁን እጅ እንኳ ያስነክሰዋል፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ከመሄድ በጎን መቅረብ፣ ጋቢ ወይም ጃኬት ጣል ማድረግ፣ ትንፋሽ ካላጠረው በስተቀር አፉን በለስላሳ ጨርቅ ማሰር ይበጃል። ደም የሚፈሰውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መያዝ፣ እግሩን ጎትቶ ለማስተካከል አለመሞከር፣ በሳንቃ ወይም በወፍራም ካርቶን ላይ አጋድሞ መውሰድ ያስፈልጋል። ውሃ በአፉ በግድ አይፈስበት። ውሻው የነከሰው ወይም የቧጠጠው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከዚያም ውሻውን ያነሳው ሰው ሰፈሩን ይጠይቅ፤ ይህን ውሻ የሚያበላው ማን ነው? ያ ሰው ሲገኝ የሕክምናውን ሒሳብ ጎረቤት ተዋጥቶ ይክፈልለት። የከተማ አስተዳደሮችም ለመርዝ የሚያወጡትን በጀት ዘንድሮ ለክትባትና ለሕክምና ያዙሩት።